ኪንግስ ክሮስ ለምን ከዜሮ ይቆጥራል?

ለንደን ውስጥ ኪንግስ ክሮስ የሚባል ትልቅ ባቡር ጣቢያ አለ። ወደ ዮርክ፣ ወደ ኒውካስልና ወደ ኤዲንብራ የሚሄዱት ባቡሮች የሚነሱት ከዚያ ነው። ሰው የሚሳፈርባቸውና የሚወርድባቸው ፕላትፎርሞች ቁጥር ከ1 አይጀምርም። ሀ ብሎ የሚጀምረው ከ0 ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ ሲያየው ስህተት ይመስለዋል። ግን ታስቦበት የተደረገ ነው። ከ11 ዓመት በኋላ ደግሞ ያው ጣቢያ ሌላ የቁጥር ጉዳይ ገጠመው። ያን ጊዜ የመረጠው መንገድ ሲያዩት የመጀመሪያውን የሚያፈርስ ይመስላል። እኔ ግን ሁለቱም ውሳኔዎች ልክ ናቸው ባይ ነኝ። ሁለቱም ከአንድ ሐሳብ የወጡ ናቸው። ያንን ለማየት ግን ከጅምሩ መነሳት ያስፈልጋል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁጥር የማያስፈልግበት ዘመን

ጣቢያው የተከፈተው ኦክቶበር 14 ቀን 1852 ነው። ያሠራው ግሬት ኖርዘርን የተባለው የባቡር ኩባንያ ሲሆን ንድፉ የሉዊስ ኩቢት ነው። ፊት ለፊቱ ላይ ሁለት ሰፋፊ ቅስቶች አሉ፤ መሐላቸው የሰዓት ማማ ቆሟል። ከቅስቶቹ ኋላ ሁለት ረጃጅም ጣሪያዎች ተዘርግተዋል። እያንዳንዱ ወደ 32 ሜትር ይሰፋል፣ ወደ 240 ሜትር ይረዝማል። ይህ ሁሉ ዛሬም በቦታው አለ።

ከዚያ ሁሉ ጣሪያ ሥር ግን በመጀመሪያ የነበሩት ሁለት ፕላትፎርሞች ብቻ ናቸው። የመጣ ባቡር በምሥራቅ በኩል ያወርዳል። የሚሄድ ባቡር በምዕራብ በኩል ይጭናል። መሐሉን የያዙት ባዶ ፉርጎዎች የሚቆሙባቸው ሐዲዶች ነበሩ። ሁለት ነገር ብቻ ሲኖር ቁጥር ምን ያደርጋል? «መድረሻ» እና «መነሻ» ከተባለ አለቀ። ያ መድረሻ ዛሬ 1 ቁጥር ነው፣ መነሻው ደግሞ 8።

ከዚያ ሥራው በዛ። መሐል ላይ የነበሩት ሐዲዶች እየተነሱ በፕላትፎርም ተተኩ። ከከተማው ዳር ዳር ለሚመላለሰው ሰው ከዋናው ጣሪያ በስተምዕራብ ሌላ ጣቢያ ተቀጠለ። ከምድር በታች ካለው መስመር ጋር የሚያገናኝ ሐዲድም መጣ። በዚያ የሚሄዱት ባቡሮች በምሥራቅ ጎን ዮርክ ሮድ በሚባል ለብቻው በቆመ ፕላትፎርም ያልፋሉ። የሚመለሱት በምዕራብ ጎን ሆቴል ከርቭ በሚባል ጠመዝማዛ ሐዲድ ይወጣሉ። የዮርክ ሮዱ በስሙ ነበር የሚታወቀው። የሆቴል ከርቩ ደግሞ 16 ቁጥር ይባል ነበር። ሁለቱም በ1976 ተዘጉ።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እዚያ ጣቢያ ውስጥ ቁጥር አንድ ቀን ተቀምጦ የተደለደለ ነገር አይደለም። ሕንጻው ሲቀጠል ቁጥሩም አብሮ ሲቀጠል የኖረ ነው። 2010 ሲገባ ከዋናው ጣሪያ ሥር ከ1 እስከ 8፣ በምዕራቡ ተቀጥላ ውስጥ ደግሞ ከ9 እስከ 11 ነበሩ። ቆጠራው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው የሚሄደው።

ከአንድ በፊት ምን ይመጣል?

በዚያ ሰሞን ጣቢያው በትልቁ እየታደሰ ነበር። እያንዳንዱ ፕላትፎርም ሊፍት ሊገባለት፣ ከላይ ድልድይ ሊሠራለት ነው። ይህ እንዲሆን ፕላትፎርሞቹ በየተራ መዘጋት አለባቸው። አንዱ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ የሱን ባቡሮች የሚቀበል ሌላ ቦታ መኖር አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ተጨማሪ ፕላትፎርም ተፈለገ።

ቦታ የተገኘው በምሥራቁ ጫፍ ነው። ከ1 ቁጥር ጎን ታክሲዎች ይገቡበት የነበረ መንገድ ነበር። እሱ ተነስቶ ፕላትፎርም ሆነ። ሲገነባ ሠራተኞቹ «ፕላትፎርም ዋይ» ይሉት ነበር። ሜይ 20 ቀን 2010 ሲከፈት ግን 0 ተባለ።

እስቲ በነሱ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። አዲሱ ፕላትፎርም ከ1 ቀጥሎ ነው፣ ግን በተሳሳተው ጎን። ምን ትሉታላችሁ?

12 ብትሉት ቁጥሩ ክፍት ነው፣ ማንንም አይነካም። ግን 12 ቁጥርን የሚፈልግ ሰው 11ን አይቶ ወደዚያው ይሄዳል። 11 ያለው በምዕራቡ ተቀጥላ ውስጥ ነው። 12 ከሕንጻው ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው። ባቡሩ ሊነሳ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሻንጣ እየጎተተ ያንን ስህተት የሠራ ሰው ባቡሩ አመለጠው ማለት ነው። ይህ ምርጫ ለእኔ ከሁሉም የባሰው ነው።

ፊደል ቢሆንስ? የእንግሊዝ ጣቢያዎች ፊደልን ለሌላ ሥራ ይጠቀሙበታል። አንድ ረጅም ፕላትፎርም ሁለት ባቡር በተርታ ሲያቆም ግማሾቹ ኤ እና ቢ ይባላሉ። «1ኤ» ብትሉት ሰው የሚገባው የ1 ቁጥር አንዱ ጫፍ ነው። ቁጥር ሳይኖር ፊደል ብቻ ቢሰጠው ደግሞ ጎረቤት አለ። መንገድ ተሻግሮ ያለው ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ከመሬት በታች ያሉትን ሁለት ፕላትፎርሞቹን ኤ እና ቢ ብሎ ይጠራቸዋል። ሁለቱን ጣቢያዎች እያምታታ የሚመጣ መንገደኛ በየቀኑ አለ። ላዩ ላይ ሌላ ኤ መጨመር ጥሩ አይደለም።

ሦስተኛው መንገድ ሁሉንም አንድ አንድ ወደፊት መግፋት ነው። አዲሱ 1 ይሆናል፣ የድሮው 1 ወደ 2 ይሄዳል፣ እንዲህ እያለ 11 ቁጥር 12 ይሆናል። ለዓይን የሚያምረው ይህ ነው። ከመንገድ ተጠርቶ የተጠየቀ ሰው ሁሉ ይህን ይመርጣል ብዬ አስባለሁ። እኔም መጀመሪያ የመጣልኝ ይኸው ነው።

በሰሌዳው ጀርባ ያለው ቁጥር

አንድ ነገር እንይ። በእንግሊዝ ባቡር ቲኬት ላይ የፕላትፎርም ቁጥር አይታተምም። መንገደኛው አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ትልቁን ሰሌዳ ያያል። ባቡሩ ሊነሳ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ቁጥሩ ብቅ ይላል። ከዚያ ሁሉም ሰው ተነስቶ ይሄዳል። ለመንገደኛው ቁጥሩ ከዚያ በፊት የለም፤ ከተሳፈረ በኋላም አያስፈልገውም። ዕድሜው አሥር ደቂቃ ነው።

ስለዚህ ለመንገደኛው ሲባል ከሆነ ቁጥሮቹን ሁሉ መቀየር ይቻላል። በየቀኑ የሚመላለሰው ሰው ለጥቂት ሳምንት ግር ይለዋል፣ ከዚያ ይለምዳል።

ችግሩ የሰሌዳው ጀርባ ነው።

የፕላትፎርም ቁጥር ባቡሩን በሚያስኬደው ሥርዓት ውስጥ ሁሉ ተጽፎ ይገኛል። ባቡር ወደ ጣቢያ ሲገባ የምልክት ተቆጣጣሪው መንገድ ያዘጋጅለታል። «ከዚህ ምልክት ወደ 4 ቁጥር» ይላል። መሣሪያው ሐዲዶቹን ያቀያይራል፣ ይቆልፋል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እንዲገባ ይፈቅዳል። ለሾፌሩ በምልክቱ ላይ የሚበራለትም ያው ቁጥር ነው። ሾፌሩ ደግሞ መስመሩን ማወቁን ፈርሞ ነው የሚነዳው። የትኛው ፕላትፎርም ምን ያህል እንደሚረዝም፣ የት ማቆም እንዳለበት በቃሉ ይዞታል። የባቡሮቹ የውስጥ የጊዜ ሰሌዳ በቁጥሩ ተጽፏል። ሰሌዳውና ድምፅ ማጉያው ቁጥሩን የሚያገኙት ከኮምፒውተር ነው። የጥገና ካርታ፣ የሥራ ትእዛዝ፣ የአደጋ ጊዜ መመሪያ፣ ሁሉም በቁጥር ነው የሚናገሩት።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የኤሌክትሪኩ ነገር ነው። ከባቡሮቹ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ይሸከማል። አንድ ሠራተኛ ወደዚያ ከመጠጋቱ በፊት የዚያ ሐዲድ ኃይል መቋረጥ አለበት። የሚቋረጠው ደግሞ ወረቀት ላይ በተጻፈው መሠረት ነው። አሁን ቁጥሮቹ ሁሉ በአንድ አንድ ተገፍተዋል እንበል። አንዱ አሮጌ ወረቀት ይዟል። አንዱ አዲሱን ሰሌዳ እያየ በሬዲዮ ይናገራል። ሁለቱም «5 ቁጥር» ይላሉ። አንደኛው የሚያስበው ሌላ ቦታ ነው።

የመግፋቱ ልዩ አደጋ ይህ ነው። እያንዳንዱ አሮጌ ቁጥር አሁንም እውነተኛ ቁጥር ሆኖ ይቀጥላል። ስህተቱ ራሱን አያጋልጥም። አንድ ሰው «13 ቁጥር» ቢል ወዲያው «13 የለንም» ይባላል። «5» ሲል ግን ማንም አይጠራጠርም፤ 5 አለና። 11 ቁጥሮችን በአንድ ሌሊት መግፋት ማለት 11 እንዲህ ያሉ ድብቅ ወጥመዶችን በአንድ ሌሊት ማስቀመጥ ነው። አሮጌው 1 እንኳ አያመልጥም፤ የሱን ስም አዲሱ ወስዶታል።

0 ደግሞ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። ከዚያ በፊት 0 የሚባል ነገር አልነበረም። «0 ቁጥር» ያለ ሰው ማለት የሚችለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሌሎቹ 11 ስማቸው አልተነካም።

የዜሮ ዕዳ

0 በነፃ አልመጣም። መንገደኛው ሰሌዳው ላይ ሲያየው ቁጥሩ ገና ያልወጣ ይመስለዋል። ከእንግሊዝኛው ኦ ፊደል ጋርም ይመሳሰላል። ሶፍትዌር የሚጽፉ ሰዎች ደግሞ ሌላ ሥጋት ያውቃሉ፦ ብዙ ፕሮግራሞች 0ን «ምንም አልተሞላም» ብለው ነው የሚያነቡት። ፕላትፎርሙ 0 ከሆነ ያንን አስቀድሞ መፈተሽ የግድ ነው።

በዚያ ላይ 0 ለመቁጠሪያ መነሻነት ለሁሉም ሰው አይዋጥለትም። የኛው የግዕዝ አኃዝ ራሱ ዜሮ የለውም፤ ከ፩ ነው የሚነሳው። ግን እንግሊዞች በሕንጻ ላይ ለምደውታል። መሬት ላይ ያለውን ወለል ፈርስት ፍሎር አይሉትም፣ አንዱን ደረጃ ወጥተው ነው ፈርስት የሚሉት። ብዙ ሊፍት ላይ የታችኛው ቁልፍ 0 ነው።

ኪንግስ ክሮስ ብቻውንም አይደለም። በኤዲንብራ ሄይማርኬት፣ በካርዲፍ፣ በስቶክፖርት፣ በዶንካስተርና በሊድስ ጣቢያዎች 0 ቁጥር አለ። ታሪካቸው ይመሳሰላል። በ1 ቁጥር ወገን በኩል ቦታ ተገኘ፣ ሌሎቹን ላለመንካት 0 ተባለ። ጃፓን ኪዮቶ ያለው ደግሞ ይገርማል። እዚያ 0 አለ፣ 2 አለ፣ 1 ቁጥር ፕላትፎርም ግን የለም። 1 ቁጥር ሐዲድ ሳይቆሙ ለሚያልፉ ባቡሮች የተተወ ነው። ከ14 ቀጥሎ ደግሞ 30 ይመጣል። ሰዉ ግን ይጠቀምበታል።

በእኔ ሚዛን የ0 ዕዳ ቀላል ነው። አንድ መንገደኛ ለአሥር ሴኮንድ ቆሞ «ዜሮ?» ይላል። ከዚያ ቀስቱን ተከትሎ ይደርሳል። የሌላኛው ምርጫ ዕዳ ግን በሌሊት ሐዲድ ላይ በሚሠራው ሰው ላይ ነው የሚወድቀው። የሚሊዮኖች ትንሽ ግርታ ከጥቂቶች ከባድ አደጋ ይሻላል።

አዳራሹ ወደ ሌላ ጎን ሲዞር

እዚህ ላይ አንድ ቅር የሚለኝን ነገር ልናገር። ማርች 2012 ላይ አዲሱ የምዕራብ አዳራሽ ተከፈተ። የጆን ማካስላን ድርጅት ነው የነደፈው። ከአንድ ግንድ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚዘረጋ ነጭ የብረት ጣሪያ አለው። በጣም ውብ ነው። የድሮው ጠባብ አዳራሽ ከፊት ለፊት ነበር፤ ያ ፈርሶ በ2013 ሰፊ አደባባይ ሆነ።

ግን ሰው አሁን የሚሰበሰበው በምዕራብ ነው፣ ቁጥሩ የሚጀምረው ደግሞ በምሥራቅ። ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ ባቡሮቹ የሚያመራ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው 8ን ነው። ከዚያ 7፣ ከዚያ 6፣ እያለ ወደ ታች ይቆጥራል። 0 የመጨረሻው፣ የሩቁ ነው። የ0 ሰሌዳ የበራለት ሰው ሌላውን ሁሉ አልፎ ነው የሚሄደው። 9 እና ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ ለብቻቸው በሌላ በኩል ናቸው። በአንድ የታወቀ የልጆች ልብ ወለድ ምክንያት 9 እና 10ን በመሐላቸው ግድግዳ ያለ አድርገው የሚያስቡ ጎብኚዎች ብዙ ናቸው። ዋናው ግድግዳ ያለው በ8 እና በ9 መሐል ነው።

ይህን የቁጥሩ ጥፋት አልለውም። ቁጥሩ ከአዳራሹ በፊት ነበር። ግን አዳራሽ ሲዞር ሰዉ ከየት እንደሚመጣ ይዞራል። ያኔ ሥራው የሚወድቀው በቀስቶቹ ላይ ነው። «0 – 8» የሚል አንድ ቀስት አይበቃም። 0 ሩቅ መሆኑን ለሰው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። በተለይ ልጅ ለያዘ፣ በምርኩዝ ለሚሄድ ሰው ያቺ ርቀት ብዙ ናት።

2021፦ አንዱ ሲጠፋ

አሁን ወደ ሁለተኛው ውሳኔ እንምጣ።

ከፕላትፎርሞቹ በስተሰሜን ወዲያው ጋስወርክስ የሚባል ዋሻ አለ። ሪጀንትስ ካናል በሚባለው የውኃ ቦይ ሥር ነው የሚያልፈው። ሦስት ጉድጓዶች አሉት፣ እያንዳንዱ ሁለት ሐዲድ ይይዛል። ግን አንደኛው ጉድጓድ በ1977 ተዘግቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባቡሮቹ ሁሉ በአራት ሐዲድ ተጨናንቀው ነበር የሚገቡትና የሚወጡት። ጣቢያው ስንት ፕላትፎርም ቢኖረው አንገቱ ጠባብ ከሆነ ጥቅሙ ይቀንሳል።

ስለዚህ 1.2 ቢሊዮን ፓውንድ በተመደበለት የለንደን–ኤዲንብራ መስመር ማሻሻያ ውስጥ ይህን አንገት እንደገና መሥራት ተካተተ። የተዘጋው ጉድጓድ ከ44 ዓመት በኋላ በኤፕሪል 2021 ተከፈተ። የሐዲዶቹ አቀማመጥ ተቀየረ፣ ቀለል ብሎም ተሠራ። ለዚያ ሲባል አንድ ፕላትፎርም መሄድ ነበረበት። የሄደው 10 ቁጥር ነው። በማርች 2021 ለሁልጊዜው ተዘጋ።

የቀሩት 9 እና 11 ሆኑ። መሐሉ ክፍት ነው።

የ2010ሩን ሐሳብ በደረቁ የሚከተል ሰው «አትንኩት፣ 11 በስሙ ይቆይ» ይላል። እንዲያ ማድረግም ይቻል ነበር፤ ኪዮቶ ያለ 1 ቁጥር እየኖረች ነው። ኪንግስ ክሮስ ግን 11ን 10 ብሎ ጠራው።

ይህ ከመጀመሪያው ጋር የሚጣረስ የሚመስለው ለዚህ ነው። በ2010 ቁጥር አንነካም ብለው 0 ፈጠሩ። በ2021 ቁጥር ነኩ።

ግን ስንት ቁጥር ነኩ? አንድ። የነኩትም የመጨረሻውን ነው፤ ከሱ ወዲያ የሚገፋ ሌላ የለም። በ2010 ሁሉንም ቢገፉ ኖሮ ቦታው የሚቀየረው 11 ስም ነበር። ሁለተኛው ልዩነት ደግሞ ጊዜው ነው። በ2021 የጣቢያው አንገት እንዳለ እየተቀየረ ነበር። ሐዲዱ፣ ምልክቱ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው፣ ካርታው፣ ሁሉም እንደ አዲስ እየተሠራ ነው። ሾፌሮቹም አዲሱን አቀማመጥ መማር የግድ ነው። ወረቀቱ ሁሉ በሚቀየርበት ቀን አንድ የቁጥር ለውጥ መጨመር ብዙ አይከብድም።

በእርግጥ እዚህም ያቺ ድብቅ ወጥመድ አለች። «10 ቁጥር» ከማርች በፊት አንድ ቦታ ነበር፣ በኋላ ሌላ ቦታ ሆነ። ግን ወጥመዷ አንድ ብቻ ናት፤ አሮጌው 10 ደግሞ በቦታው የለም። ባቡር የማይገባበትን ፕላትፎርም ከሚሠራው ጋር ማምታታት ይከብዳል።

ቁጥሩን እንደ ብዛት ካየነው ሁለቱ ውሳኔዎች አይገናኙም። እንደ አድራሻ ካየነው ግን ጥያቄው አንድ ነው፦ ስንት ሰው፣ ስንት ወረቀት፣ ስንት መሣሪያ የለመደውን መርሳት አለበት? በ2010 ትንሹ መልስ 0ን መጨመር ነበር። በ2021 ትንሹ መልስ 11ን ማንሳት ሆነ።

አንድ ግቢ ውስጥ ስንት 5 ቁጥር አለ?

ይህን ከመጨረሴ በፊት ጎረቤቶቹን ላንሳ፣ ምክንያቱም የመንገደኛው እውነተኛ ችግር እዚያ ይመስለኛል። ሴንት ፓንክራስ የራሱ ከ1 እስከ 13 ቁጥሮች አሉት። የአውሮፓ ባቡሮች የሚነሱት ከዚያ ነው። ከሁለቱ ጣቢያዎች ሥር ያለው የምድር ውስጥ ባቡር ደግሞ ከ1 እስከ 8 የራሱን ይቆጥራል። የምድር ውስጡ ጣቢያ ስሙ የሁለቱም ነው፤ ኪንግስ ክሮስ ሴንት ፓንክራስ ይባላል።

ስለዚህ አንድ ሰው ስልክ ደውሎ «5 ቁጥር ጋ ጠብቂኝ» ቢል ሦስት 5 ቁጥሮች አሉ። አንዱ የኤዲንብራ ባቡር የሚነሳበት ሊሆን ይችላል። አንዱ የፓሪስ። አንዱ ከመሬት በታች ነው። ሁለት ሰዎች እዚያ ግቢ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሊፈላለጉ ይችላሉ።

«0 ቁጥር ጋ» ካላት ግን ትደርሳለች። በዚያ ሁሉ ግቢ ውስጥ 0 አንድ ብቻ ነው።

ዛሬ ኪንግስ ክሮስ ከ0 እስከ 10 ይቆጥራል፤ በጠቅላላው 11 ፕላትፎርሞች ናቸው። ከ0 በስተምሥራቅ ያለው ቢሮዎች የያዘው የድሮው ሕንጻ ነው። ከሱ ወዲያ ዮርክ ዌይ የሚባለው የመኪና መንገድ ነው። በዚያ በኩል ሌላ ፕላትፎርም የሚገባበት ቦታ የለም።